ለወላጆቹ አገር እንግዳ የሆነው ሕፃን፦ ከውጭ አገር ለዘመድ ጥየቃ የሚመጡ ቤተሰቦችና የጤና ባለሙያው ድርሻ

በየዓመቱ ለመስቀል፣ ለገናና ለጥምቀት እንዲሁም በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አገር ቤት ይመጣሉ። የጉዞ ሕክምና እነዚህን ቤተሰቦች «ዘመድ ጠያቂ ተጓዦች» በሚል ስያሜ ለይቶ የሚመለከታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አገር ለማየት ከሚመጣ ቱሪስት ይልቅ በወባና በሌሎች ተላላፊ በሽታዎች የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። ቱሪስቱ ወደማያውቀው አገር እንደሚሄድ ስለሚያውቅ አስቀድሞ ሐኪም ያማክራል፤ የሚያድረውም ባብዛኛው በሆቴል ነው። ወላጆቹ ግን የሚሄዱት ወደ ቤታቸው ነው። «እኛ እዚሁ አድገን ምን ሆንን?» የሚለው ጥያቄ ቅን ቢሆንም በሕክምና ረገድ መልሱ አስቸጋሪ አይደለም።

ወባን በከፊል የሚቋቋም የሰውነት መከላከያ የሚገኘው በተደጋጋሚ በመታመም እንጂ በዘር አይደለም። ከወባማ አካባቢ ከተለዩ በኋላም እየቀነሰ ይሄዳል። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ወላጆች ደግሞ ከመጀመሪያውም ይህ መከላከያ ላይኖራቸው ይችላል። በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም የተወለደ የሁለት ዓመት ሕፃን መልኩና ስሙ የአገር ቤት ልጅ ቢያስመስለውም፣ ለወባ ያለው ተጋላጭነት ወላጆቹ በሙሉ ከዚያ ከተወለዱ ጎረቤቱ አይለይም። ስለዚህ ትኩሳት ያለበት ሕፃን በቀረበ ጊዜ «ስንት ቀኑ ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «የት ተወለደ? መቼ መጣ? ከመጣ ወዲህ የት የት አድሯል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የታመመውን ልጅ ይዛ የምትመጣው ብዙውን ጊዜ አያቱ ወይም አክስቱ ስለሆነች፣ ሳይጠየቅ የሚነገር ነገር አይኖርም።

በኢትዮጵያ የወባ ሥርጭት በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ሲሆን፣ ዋናው ወቅት የክረምቱ ዝናብ ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ከ2300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ብቻ የሚቆይ ቤተሰብ የመከላከያ መድኃኒት አያስፈልገውም። ነገር ግን አዲስ አበባ ብቻ ቆይቶ የሚመለስ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ቅዳሜና እሑድን በላንጋኖ ወይም በባቱ ማሳለፍ፣ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አዳማ፣ ባሕር ዳር ወይም አርባ ምንጭ መውረድ የተለመደ ነው፤ ወላጆችም ይህን እንደ ጉዞ ስለማይቆጥሩት ከመነሣታቸው በፊት ለሐኪማቸው አይነግሩትም። ከተማ መሆን ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነም መታወስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ትንኝ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የምትራባ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ከተከሰተው ወረርሽኝ ጋር ግንኙነት እንዳላት ተረጋግጧል።

የመከላከያ መድኃኒት ምርጫ በልጁ ዕድሜና ክብደት ይወሰናል። አቶቫኮን-ፕሮጓኒል ወደ ወባማው ቦታ ከመሄድ አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላ ለ7 ቀናት ይወሰዳል። ሜፍሎኪን በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሰጥ በመሆኑ ለወላጅ ቢመችም፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መጀመርና ከተመለሱ በኋላ ለ4 ሳምንታት መቀጠል ይኖርበታል፤ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም ላለበት ልጅ አይሰጥም። ዶክሲሳይክሊን ለመከላከያነት ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይታዘዝም። ክሎሮኪን በፋልሲፓረም ላይ ስለማይሠራ፣ አያቶች በቤት አስቀምጠው የሚሰጡት የቆየ ክኒን ከጉዳት በቀር ጥቅም የለውም። መድኃኒቱን ቤተሰቡ ከሚኖርበት አገር ይዞ ቢመጣ ይመረጣል። መድኃኒት እየወሰደም ቢሆን ትኩሳት የያዘው ልጅ ደሙ መመርመር አለበት። በሌላ በኩል ልጁ በአውሮፕላን በመጣ በሦስተኛው ቀን የያዘው ትኩሳት እዚህ የተያዘ ወባ ሊሆን አይችልም፤ ፋልሲፓረም ምልክት ለማሳየት ቢያንስ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታልና ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል።

ክትባትን በሚመለከት የአገሮች መርሐ ግብር የተለያየ መሆኑ ክፍተት ይፈጥራል። በኢትዮጵያ የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ሲሰጥ፣ በአሜሪካ የሚጀመረው አንድ ዓመት ከሞላ በኋላ ነው። በመሆኑም ከዚያ የመጣ የ10 ወር ሕፃን ሳይከተብ ከተከተበው የአጎቱ ልጅ ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ ይጫወታል። ከ6 እስከ 11 ወር ያለ ተጓዥ ሕፃን አንድ መጠን አስቀድሞ መውሰድ አለበት፤ ይህ ግን ስለማይቆጠር ዓመት ከሞላው በኋላ ሁለቱን መደበኛ ክትባቶች ይወስዳል። የቢሲጂ ክትባትም በአሜሪካ በመደበኛነት አይሰጥም። ሕፃኑን ቀን ከሌት አቅፈው የሚውሉት አያት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለባቸው፣ እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት የአክታ ምርመራ ማድረጋቸው ለራሳቸውም ለሕፃኑም ይበጃል። ይህን መናገር ለቤተሰቡ ስለሚከብድ ከጤና ባለሙያው አንደበት ቢወጣ ይሻላል።

የክትባት ካርድ ሲነበብ ቀኑን በጥንቃቄ መመልከት ግድ ነው። የአገር ቤት ካርድ ብዙውን ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚጻፍ ሲሆን፣ አሜሪካውያን ወርን ከቀን ያስቀድማሉ፤ አውሮፓውያን ደግሞ ቀንን ከወር። በአሜሪካ ካርድ ላይ 4/9 ተብሎ የተጻፈው ሚያዝያ ወይስ መስከረም እንደሆነ ባለመጣራቱ፣ የተከተበ ልጅ እንዳልተከተበ፣ ያልተከተበውም እንደተከተበ ሊቆጠር ይችላል።

ተቅማጥ በእንግድነት የሚመጣ የመጀመሪያው ችግር ሲሆን ሕክምናው እዚህም እዚያም አንድ ነው፦ ኦ.አር.ኤስ.፣ ጡት ሳያቋርጡ ማጥባት፣ ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀናት። ያልፈላ ወተት በፍቅር ቢቀርብም አይሰጥ። ውሻን የቤት ጓደኛ አድርጎ ያደገ ልጅ የመንገድ ውሻ ለመዳሰስ አይፈራም፤ ቢነከስም ቁጣ ፈርቶ ሊደብቅ ይችላል። ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳይዘገይ መጀመር የማይታለፍ ነው። ከተላላፊ በሽታዎች ሁሉ ይልቅ የተጓዥ ሕፃናትን ሕይወት የሚቀጥፈው ግን አደጋ ነው። በሚኖርበት አገር ያለ ሕፃን ወንበር መኪና ውስጥ የማይገባ ልጅ እዚህ በአክስቱ ጭን ላይ ፊት ለፊት ተቀምጦ ወደ ሐዋሳ ይጓዛል። ወንበሩን ከሻንጣው ጋር ይዞ መምጣት ይቻላል።

ቤተሰቡ ሲመለስ የጤና ባለሙያው ድርሻ አያበቃም። የፋልሲፓረም ወባ አብዛኛውን ጊዜ በተመለሱ በመጀመሪያው ወር ይታያል። ቫይቫክስ ግን በጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል፤ ያኔ ሕፃኑን የሚያየው ሐኪም ስለ ጉዞው ካልተነገረው ወባን ላያስብ ይችላል። እዚህ በቫይቫክስ የታከመ ልጅ የጉበቱን ጥገኛ የሚያጠፋውን ፕሪማኪን ወስዶ እንደሆነ፣ ካልወሰደም የጂ-6-ፒ-ዲ ምርመራ ተደርጎለት እንዲወስድ በጽሑፍ መገለጽ አለበት። ወረቀቱ የጥገኛውን ዓይነት፣ የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስም፣ መጠኑንና የተሰጠበትን ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የወሩን ስም በፊደል አድርጎ የያዘና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ይሁን፤ ወላጆችም ከፓስፖርቱ ጋር አብረው ቢይዙት መልካም ነው።