መኪናዎ ጎማ ይበላል? በሜትር ይለኩት

ዩለስ በዳላስና በፎርት ወርዝ መካከል፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጥግ ያለች ከተማ ናት። 183፣ 121 እና 360 የተባሉት መንገዶች ስለሚያልፉባት መኪና ለነዋሪዋ እግሩ ነው። በታክሲ፣ በኡበርና ዕቃ በማድረስ ለሚተዳደረው ወገናችን ደግሞ እንጀራው ነው።

በቅርቡ አንድ ወንድማችን በ183 ላይ ሲነዳ የፊት ጎማው ፈነዳበት። እሱ ተረፈ፤ የዕለት ሥራው ግን ቀረ። ጎማው ከውጭ ሲያዩት ጥርሱ ገና ነበር። ሲፈታ የውስጠኛው ጠርዝ ሽቦው እስኪታይ ተልጦ ተገኘ። ምክንያቱ የአላይመንት መዛባት ነበር።

ነገሩን አሁን ማንሳት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለንግድ ባልተመዘገቡ መኪናዎች ላይ ታደርገው የነበረውን ዓመታዊ የደኅንነት ምርመራ አስቀርታለች። በታራንትና በዳላስ ካውንቲ የጭስ ምርመራው ቀጥሏል፤ ጭሱን የሚመረምር ግን ጎማዎን አያይልዎትም። መርማሪው እርስዎ ነዎት ማለት ነው።

አላይመንት ሦስት ነገር ነው። ካምበር ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው። ካስተር መሪው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማጋደሉ ነው። ቶ ደግሞ ሁለቱ ጎማዎች ከፊት በኩል መቀራረባቸው ወይም መራራቃቸው ነው፤ ሰው ሲራመድ የእግሩ ጣቶች ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚያዩት። በቤት ሊለካና ሊስተካከል የሚችለው ቶ ነው፤ ጎማም ቶሎ የሚጨርሰው እሱ ነው። ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጎማ ላይ የፊቱና የኋላው ልኬት በ6 ሚሊ ሜትር ቢለያይ፣ እያንዳንዱ ጎማ በሄደበት በአንድ ኪሎ ሜትር 5 ሜትር ያህል ወደ ጎን እንደተፋቀ ይቆጠራል።

አለካኩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የጎማውን ነፋስ በሾፌሩ በር ማዕዘን ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ ያድርጉ፤ ሻንጣ ማስቀመጫውን ባዶ ያድርጉ። በደልዳላ ሜዳ ላይ መሪውን ቀጥ አድርገው ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ነድተው ይቁሙ። ከሁለቱ የፊት ጎማዎች በስተኋላ፣ በእኩል ከፍታ፣ በጥርሱ መካከል በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። አንድ ሰው ከወዲያ ሜትሩን ይያዝልዎትና በምልክቶቹ መካከል ያለውን ይለኩ። ሜትሩ የመኪናውን ሆድ ከነካ ሁለቱንም ምልክት እኩል ዝቅ ያድርጉ። ከዚያም ምልክቶቹ በዚያው ከፍታ ከፊት እስኪመጡ መኪናውን በቀስታ ወደ ፊት አንከባለው እንደገና ይለኩ። የፊቱ ልኬት ካነሰ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ያያሉ፤ ከበለጠ ወደ ውጭ። ለብዙ የቤት መኪናዎች ተገቢው ከዜሮ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ማየት ነው፤ ትክክለኛውን ከመኪናዎ የጥገና መጽሐፍ ይመልከቱ።

ከማስተካከል በፊት ግን መኪናውን በክሪክ አንስተው በካቫሌቶ ያሳርፉ። ጎማውን ግራና ቀኝ ይዘው ይነቅንቁት። ከተንቀጫቀጨ የታይ ሮድ ጫፍ አልቆ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ያረጀው ዕቃ ይቀየር፤ በላላ ዕቃ ላይ አላይመንት መሥራት ገንዘብ መጣል ነው። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር በፍጹም አይግቡ።

ዕቃው ደኅና ከሆነ በታይ ሮዱ ላይ ያለውን ማጥበቂያ ዳዶ ያላሉ፣ ዘንጉን ሩብ ዙር ያዙሩ፤ በሌላውም ጎን እኩል ያዙሩ፣ አለበለዚያ መሪው ተጣሞ ይቀራል። መኪናውን አውርደው ጥቂት ነድተው ይለኩ፤ ልኬቱ ከባሰ አቅጣጫው ተቃራኒው ነው ማለት ነው። ሲጨርሱ ዳዶውን አጥብቀው ይሰሩ።

አንድ ነገር አይርሱ፤ ይህ መለኪያ የኋላ ጎማዎችንና ካምበርን አያሳይም። መኪናዎ ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ፣ ወይም መስመር የሚጠብቅ ካሜራ ያለው አዲስ መኪና ከሆነ፣ በማሽን ወደሚሠራበት ይውሰዱት። ብዙ የአፓርታማ ውሎችም በግቢ ውስጥ መኪና መጠገን ስለሚከለክሉ ውልዎን ያንብቡ።

ለማስተካከል እጅዎ ባይደፍር እንኳ መለካት ለማንም አያቅትም። በወር አንድ ቀን መሪውን እስከ ጥግ አዙረው የፊት ጎማዎቹን የውስጥ ጠርዝ በመዳፍዎ ይዳብሱ። ጥርሱ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ካነሰ ያ ጎማ አልቋል። በቴክሳስ የበጋ ሙቀት ያለቀ ጎማ ይዞ አውራ ጎዳና መውጣት በራስም በተሳፋሪም ነፍስ መቀለድ ነው።