ሰሙ ሲቀልጥ

አንጥረኛ ወርቅ በቅርጽ ሊያፈስስ ሲነሣ ሥራውን የሚጀምረው ከሰም ነው። የሚፈልገውን መስቀል ወይም ጉትቻ በሰም ያበጅና በጭቃ ይመርገዋል፤ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ይተውለታል። ጭቃው ከደረቀ በኋላ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በለቀቀው ባዶ ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይገባበታል። ወርቁ ሲረጋ ጭቃው ይሰበራል። የግእዝና የአማርኛ ባለቅኔዎች ለዋናው የግጥም ስልታቸው ስም የተዋሱት ከዚህ ሙያ ነው። ጆሮ ቀድሞ የሚይዘው ትርጉም ሰም፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ ወርቅ ይባላል።

ብዙዎች ስለ ሰምና ወርቅ ሲያወሩ ሰሙን እንደ መሸፈኛ ብቻ ያዩታል። አንጥረኛው ይህን ቢሰማ ሳይስቅ አይቀርም። ለወርቁ ቅርጽ የሚሰጠው ሰሙ ነዋ! ሰሙ ላይ የተሳሳተ እጅ ወርቁ ላይ መውጣቱ አይቀርም። ቅኔም እንደዚያው ነው፤ የላይኛው ታሪክ ራሱን ችሎ መቆም አለበት፣ እያንዳንዱ ክፍሉም ከውስጠኛው ጋር መገጠም አለበት።

በምሳሌ ማየቱ ይቀላል። ለዚህ ጽሑፍ ሲባል የተቋጠሩ ሁለት ስንኞች እነሆ፤ ተናጋሪዋ እጮኛዋን የምትጠብቅ ሴት ናት።

በፋሲካ መጥቶ ሊያገባኝ ቀጥሮ፣
ገና ነው ይሉኛል ዓምናም ሆነ ዘንድሮ።

ሰሙ የበዓል ወሬ ነው። ቀጠሮው ለፋሲካ ነው፤ ሰዎቹም አሁን ገና ነው፣ የልደት በዓል ነው ይሏታል። ከገና እስከ ፋሲካ ጾሙ አለ፣ ወራቱ አለ፤ ሰውየው እስካሁን ባይመጣ ምን ይገርማል? ወርቁ ግን «ገና ነው» ማለት አልመጣም፣ መምጫውም አይታወቅም ማለት ነው። ሰሙ የሚቀልጠው «ዓምናም ሆነ ዘንድሮ» የሚለው ላይ ሲደረስ ነው፤ ዓመት የተሻገረ ቀጠሮ በበዓላት አቆጣጠር አይሸፈንማ። የስንኞቹ ጭብጥም እዚያው ይገለጣል። ሴትዮዋን የሚያጽናኗትና ተስፋ የሚያስቆርጧት ሰዎች ያው አንድ ናቸው፤ ለሁለቱም የሚጠቀሙት በአንድ ቃል ነው። ባለቅኔው «ተታለልሁ» የሚል ቃል አላስገባም። ሰሚው ራሱ ደረሰበት፤ በራሱ የደረሰበትን ደግሞ ቶሎ አይረሳውም።

ሁለት ትርጉም የተሸከመው ቃል ኅብር ይባላል፤ የእኛ ፊደል ለዚህ ስልት የተመቸ ነው። «ገና» የሚለው ቃል «ና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፣ ላልቶ ሲነበብ ያልደረሰ ነገር ነው። ወረቀት ላይ ግን ልዩነት የለውም። «እንዳይበላሽ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ «በ» ሲጠብቅ የሚበላሽ ምግብ ይታሰባል፣ ሲላላ ደግሞ አንዲትን ሴት አውሬ ወይም ክፉ ሰው እንዳይበላት ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ራስ ምታት የሆነው ይህ ጉድለት ለገጣሚ ሲሳይ ነው።

ድምፅ እንኳ የማይለያቸው አሉ። «ተማረ» ሲባል ሰውየው ትምህርት አገኘ ወይስ ምሕረት? የሰው ስሞችም አሉ። አበበ፣ ከበደ፣ ተሰማ ስምም ናቸው፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገርም ናቸው። በዚህ የተነሣ በአማርኛ ስለ አንድ ሰው ሲገጠም አብቦ የሚረግፍ፣ ከብዶ የሚቀል ነገር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም።

ይህ ሁሉ በዘፈቀደ የሚመጣ ተሰጥዖ ብቻ ቢመስልም ትምህርት ቤት ያለው ሙያ ነው። ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ ስማቸው በቅኔ ስልት የሚጠራ ቦታዎች ናቸው። ተማሪው በግእዝ ግስና አገባብ ይጀምራል፤ ከዚያ ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ እያደር ወደ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ በመጨረሻም እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ይዘልቃል። ቀን ዛፍ ጥላ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ብቻውን ተቀምጦ የቆጠረውን ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል። የኔታ ሲያርሙ ቀድመው የሚመለከቱት የሰሙንና የወርቁን መገጣጠም ነው፤ ቃሉ ቢያምርም ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ተማሪው ወደ ዛፉ ይመለሳል። ሊቁ ደግሞ በማኅሌት ቆሞ ለዕለቱ በዓል ቅኔ ይዘርፋል። የዚያን ዕለቱ ቅኔ ለሌላ ጊዜ አይደገምም፤ ለሚቀጥለው በዓል አዲስ ይጠበቃል። የአንጥረኛው ጭቃም አንዴ ከተሰበረ በኋላ ለሌላ ጌጥ አይሆንም።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ የሰየመው በዚሁ ስልት ነው። ሌቪን ስልቱን ከግጥም አውጥቶ የአማራን ሕዝብ የዕለት ንግግርና ጠባይ ማስረጃ አደረገው፤ ነገርን በግልጽ ያለመናገር ልማድ አድርጎ አየው። መጽሐፉ ብዙ አከራክሯል። ቢያንስ በአንድ ነገር ግን ቅኔ ቤቱ የሚሞግተው ይመስላል። ጥሩ ቅኔ የሚደበዝዝ ነገር የለውም፤ የኔታ ሰሙ ይህ ነው፣ ወርቁ ይህ ነው ብለው በጣት ያሳያሉ። ድብስብስ ያለ ግጥም እዚያ ስሙ ስሕተት ነው።

ሌላም ስልት አለ፤ ውስጠ ወይራ ይሉታል። ላዩ ተራ እንጨት የሚመስል፣ ውስጡ ግን ወይራ የሆነ ዱላ ነው። እዚህ ላይ አድማጩን በአንድ ቃል ሁለት ፍቺ ማጣደፍ የለም፤ ንግግሩ ከዳር እስከ ዳር ስለ አንድ ነገር ይመስልና ምቱ ሌላ ቦታ ያርፋል። ስለ ንጉሥና ስለ ሹም በግልጽ መናገር በማይቻልበት ዘመን ሁሉ ይህ ዱላ ሥራ አልፈታም።

ትርጉም የሚሠራው በቃል ፍቺ ብቻም አይደለም። የስንኝ ርዝመትም የራሱ ድርሻ አለው። የተለመደው ወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ይዞ ለሁለት ይከፈላል፤ ከላይ ያየናቸው ስንኞች የተቋጠሩት በእርሱ ነው። የቡሄ ልጆች ጭፈራ በአራት አራት ይሮጣል። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ግን ስምንት ስምንት ቀለም ያለው ረጅም ስንኝ አበጀ፤ አሁንም ድረስ የጸጋዬ ቤት እየተባለ በስሙ ይጠራል። በ1966 ዓ.ም. የታተመው የግጥም መድበሉ «እሳት ወይ አበባ» ሲነበብ ርዝመቱ ለምን እንዳስፈለገው ይገባል። የሚቆጣ፣ የሚሟገት፣ ጥያቄ በጥያቄ ላይ የሚደርብ ሰው በስድስት ቀለም ትንፋሽ ያጥረዋል።

የቅኔ ሊቁ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ መንግሥቱ ለማ ደግሞ የአባቱን ለዛ ይዞ ወደ ቀልድና ወደ ቲያትር አዞረው። የአባቱንም ትዝታ ከአፋቸው ጽፎ «መጽሐፈ ትዝታ» ብሎ አሳትሞታል፤ የቅኔ ቤትን ኑሮ ከውስጥ ማየት ለሚፈልግ ከእሱ የተሻለ መግቢያ ማግኘት ይቸግራል።

የቀረው አዝማሪው ነው። ግጥሙን የሚያደርሰው በወረቀት ስላልሆነ የጠበቀውንና የላላውን ደብቆ ማለፍ አይችልም፤ አፉ ላይ አንዱን መምረጥ አለበት። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውርለት ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይቀበለዋል፣ ደግሞም ይመላልሰዋል። ብልህ የሆነ አዝማሪ መጀመሪያ «ገና»ን አጥብቆ ይላታል፤ ሁሉም የበዓል ዘፈን መስሎት ያጨበጭባል። ሲደግማት ያላላታል።