ሌክቸር ለመቅዳት ማጫወቻ ሲገዛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሌክቸር የሚቀዳበት ማጫወቻ ሊገዛ ሱቅ የገባ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ «ስንት ጊጋ ነው?» እና «ድምፁ ያምራል?»። ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ሰው ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ሌክቸር ለሚቀዳ ሰው ግን ዋናው ጥያቄ ዕቃው ራቅ ብሎ የሚናገረውን ሰው ምን ያህል አጥርቶ ይሰማል የሚለው ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ማስተማሪያው እንግሊዝኛ መሆኑ ደግሞ ጉዳዩን ያከብደዋል። በአፍ መፍቻ ቋንቋችን አንድ ቃል ቢደበዝዝብን ከአገባቡ ተነስተን እንሞላዋለን፤ በትምህርት ባወቅነው ቋንቋ፣ በተለይ አዲስ የሙያ ቃል ሲመጣ፣ ያመለጠን አመለጠ።

1. «ሙዚቃ አጥርቶ የሚያጫውት አጥርቶም ይቀዳል»

እውነታው፦ ማጫወትና መቅዳት በአንድ ቀፎ ውስጥ ያሉ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሲያጫውት ፋይሉ ወደ ድምፅ ተለውጦ በኤርፎን ይወጣል። ሲቀዳ ደግሞ ማይኩ የያዘው ደካማ ምልክት ጎልቶ ወደ ቁጥር ይለወጣል። አንዱ ስላማረ ሌላው ያምራል ማለት አይደለም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የመጀመሪያው አይፖድ ስሙ የገነነ ማጫወቻ ነበር፤ ማይክ ግን አልነበረውም፤ ከኋላው ከመጡት ሞዴሎች አንዳንዶቹም ለመቅዳት ከላያቸው የሚሰካ ተጨማሪ ማይክ ያስፈልጋቸው ነበር።

2. «ጊጋው በበዛ ቁጥር ይሻላል»

እውነታው፦ የሰው ንግግር ብዙ ቦታ አይፈጅም። በኤምፒ ስሪ፣ በአንድ ቻናልና በሰከንድ 64 ኪሎቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ሌክቸር 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። በሳምንት 15 ሰዓት ለ16 ሳምንት የሚቀዳ ተማሪ 240 ሰዓት ይኖረዋል፤ ይህ ሁሉ 7 ጊጋ ገደማ ውስጥ ያልቃል። ይልቅ መጠንቀቅ የሚያሻው ከሐሰተኛ ሚሞሪ ካርድ ነው። ላዩ ላይ 64 ጊጋ ተጽፎበት፣ ኮምፒውተሩም 64 ብሎ እያሳየ፣ ውስጡ 8 ብቻ የሆነ ካርድ ገበያ ላይ አለ። እውነተኛው መጠን ሲሞላ አዲሱ ቅጂ ይበላሻል ወይም የቀደመውን ያጠፋዋል፤ ተማሪው ይህን የሚያውቀው ለፈተና ሊያዳምጥ ሲከፍተው ነው። ካርዱን እንደገዙ እስኪሞላ ፋይል ገልብጠው ሁሉም መከፈታቸውን ያረጋግጡ።

3. «ዋቭ ካልሆነ ጥራት የለውም»

እውነታው፦ በሲዲ ጥራት የተቀዳ ዋቭ በሰዓት 635 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ መምህሩ የሚናገረው ግን በእሱ አይጨምርም። ጉዳት ያለው በሌላኛው ጫፍ ነው። አንዳንድ ማጫወቻ ቦታ ለመቆጠብ ሲል ድምፁን በሰከንድ 8,000 ናሙና ብቻ ይቀዳል። በዚህ መጠን ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ ሁሉ ይቀራል፤ «ሰ»ንና «ፈ»ን ለመለየት የሚረዳው ፉጨት በአብዛኛው የሚገኘው ደግሞ እዚያ ነው። ከመቅዳት በፊት ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ 16,000 ወይም ከዚያ በላይ መምረጥ ያስፈልጋል።

4. «ማይኩ ጎበዝ ከሆነ የትም ብቀመጥ ይሰማል»

እውነታው፦ ከሁሉም የበለጠ ቅጂ የሚያበላሸው ይህ እምነት ነው። ከተናጋሪው ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር በቀጥታ የሚደርሰን ድምፅ በ6 ዲሲቤል ይቀንሳል። ከ2 ሜትር ወደ 8 ሜትር ያፈገፈገ ተማሪ 12 ዲሲቤል ያጣል ማለት ነው። ከግድግዳና ከጣሪያ ነጥሮ የሚመለሰው ገደል ማሚቶ ግን በአዳራሹ ውስጥ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ስለዚህ ከኋላ ወንበር ማሚቶው የመምህሩን ድምፅ ይውጠዋል። የማይኩን ኃይል መጨመር አያድንም፤ ንግግሩንም፣ ማሚቶውንም፣ የወንበሩን ጩኸትም አብሮ ያጎላል።

ድምፅን በራሱ የሚያስተካክለው ሥርዓትም የራሱ ችግር አለው። መምህሩ ዝም ብሎ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ መሣሪያው የክፍሉን ሹክሹክታ ያጎላል። ጎረቤት ሲያስል ደግሞ ራሱን ዝቅ ያደርግና ተከታዩን ቃል ያስመልጣል።

መፍትሔው ፊት መቀመጥ ነው። ማጫወቻውን ጠረጴዛው ላይ በቀጥታ ሳይሆን የታጠፈ ሹራብ ላይ ማስቀመጥ የእስክሪብቶውን ኳኳታ ይቀንሳል። የውጭ ማይክ መሰኪያ ያለው ዕቃ ከተገኘ፣ ከብዙ ጊጋ ይልቅ ለእሱ መክፈል ያዋጣል።

5. «ስልክ እያለ ሌላ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው»

እውነታው፦ ይህ በከፊል ትክክል ነው። የዛሬ ስማርት ስልክ ማይክ ከብዙ ርካሽ ማጫወቻ ማይክ ይሻላል። ገንዘብ ያጠረው ተማሪ ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጎ ይቅዳ፤ አለዚያ ጥሪ ቅጂውን ሊያቋርጠው ይችላል። ገንዘብ ያለው ግን ከሙዚቃ ማጫወቻ ይልቅ ለንግግር ታስቦ የተሠራ ድምፅ መቅጃ ይግዛ። ብዙዎቹ ፍጥነት መቀነሻና አንድን ክፍል ደጋግሞ ማጫወቻ አላቸው። ተራ የድንጋይ ባትሪ የሚቀበለው ደግሞ መብራት በጠፋበት ሰሞን ሥራ አይፈታም።

6. «ከተቀዳ ኖት መያዝ አያስፈልግም»

እውነታው፦ የአንድ ሰዓት ተኩል ቅጂ ለማዳመጥ አንድ ሰዓት ተኩል ይጠይቃል። ለፈተና ሳምንት የተከመረ 50 ሰዓት ቅጂ ማንም አያዳምጠውም። ቅጂ የሚጠቅመው ከኖት ጋር ሲሆን ነው። ያልገባ ነገር ሲመጣ ደብተሩ ጠርዝ ላይ የመቅጃው ሰዓት ቆጣሪ የሚያሳየውን ደቂቃ መጻፍ፣ ማታ ደግሞ ያቺን ክፍል ብቻ መልሶ መስማት ይበቃል። ከዚህ ሁሉ በፊት የመምህሩ ፈቃድ ይቀድማል። ድምፁ የእሱ ነው፤ ደግሞም የፈቀደ መምህር መቅጃው የራሱ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ ሊፈቅድ ይችላል፤ ይህም የርቀቱን ችግር ከሥሩ ይፈታዋል።

ስለዚህ ሱቅ ሲገቡ ዘፈን አያስከፍቱ። ዕቃውን መቅጃ ሁነታ ላይ አድርገው ባንኮኒው ላይ ይተዉት፤ ጓደኛዎ አምስት ሜትር ያህል ርቆ ከመማሪያ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ በእንግሊዝኛ ያንብብ። ከዚያ በራስዎ ኤርፎን ያዳምጡ። እያንዳንዱ ቃል ከተለየ ይግዙት። ካልተለየ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ፣ ጊጋው የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ለትምህርትዎ አይሆንም።