አርብቶ አደሩ ለምን ይጓዛል?

 

ለአረፋ የምናርደው በግና ፍየል፣ ልጆቻችን የሚጠጡት ወተት ከየት እንደሚመጣ ብዙዎቻችን አናስብም። አርብቶ አደሩንም «ዘላን» ብለን፣ እግሩ ወደመራው የሚሄድ ሰው እናደርገዋለን። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

የአፋር ወንድሞቻችንን እንመልከት። ክረምት ዝናብ ሲጥል ከአዋሽ ዳር ተነስተው መንጋውን ወደ አለደጌ ሜዳ ያወጣሉ። በዚያ ወቅት ሜዳው ሣርም ውሃም ይኖረዋል፤ የወንዙ ዳር ደግሞ ያርፋል፣ ሣሩም ያገግማል። ሜዳው ሲደርቅ ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። ግመልና ፍየል ቅጠል ሲቀነጥቡ ላምና በግ ሣር ስለሚግጡ፣ አንዱ የሌላውን ድርሻ ብዙም አይሻማም። ከመነሳታቸው በፊትም ሰው ልከው ሣሩን፣ ውሃውንና የአካባቢውን ሰላም ያስጠናሉ። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ቆም ብለው «ዳጉ» ይለዋወጣሉ። እኛ በሬዲዮ የምናወራው እነርሱ ዘንድ በእግር ይሄዳል!

እንግዲህ የዚህ ሁሉ መተማመኛ የወንዙ ዳር ነው። ከበረሃው ስፋት ጋር ሲነጻጸር ጠባብ ነው፤ በበጋ ግን መንጋው ሁሉ የሚጠጋው ወደዚያው ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከዚሁ ዳር ሰፊ መሬት ለጥጥ እርሻ ተወሰደ። «በረሃው ሰፊ ነውና አይጎዱም» ማለት ይቀላል፤ የበጋ መሸሻ የሌለው ሜዳ ግን ለከብት የግማሽ ዓመት ቤት ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ መሸሻው ጠቦ ስለነበር ብዙ ከብት አለቀ፣ ብዙ ሰውም ሞተ።

ሸሪዓችን የግጦሽን ነገር ችላ አላለም። አብዛኞቹ ዑለማዎች ዘካ የሚወጣው የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል በግጦሽ ከሚኖሩ እንስሳት («ሳኢማ») ነው ይላሉ፤ ከ5 ግመል አንድ በግ ወይም ፍየል፣ ከ30 ከብት አንድ የዓመት ጥጃ፣ ከ40 በግ ወይም ፍየል አንድ። ባለቤቱ ቀለብ እየገዛ የሚያኖራቸው ግን በእነርሱ ዘንድ በዚህ ውስጥ አይገቡም።

ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ደግሞ በተከለለው ግጦሽ («ሒማ») ላይ ሁነይ የተባለውን አገልጋያቸውን ሲሾሙ፣ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ሰው እንዲያስገባ አዘዙት። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና ዑሥማን ኢብኑ ዐፋንን የመሳሰሉ ባለጸጎች መንጋቸው ቢያልቅ የተምር እርሻ ነበራቸው፤ የድሃው መንጋ ካለቀ ግን ቤተሰቡን ይዞ የሚመጣው ወደ ኸሊፋው ደጅ ነው። በቡኻሪ ተዘግቧል።

በአገራችንም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በእኛ አስተያየት «መሬታቸው» ሲባል በክረምት ባዶ ሆኖ የሚታየው የወንዝ ዳርም ጭምር ነው፤ ያረፈ እንጂ ባለቤት ያጣ አይደለምና።