የተረት መጽሐፍና የአርቲስት ቪዛ

ለሕፃናት ተረት የሚጽፉና ሥዕል የሚሥሉ የካምፓችን ልጆች «የአርቲስት ቪዛ የሚሉትን ራሳችን ማመልከት እንችላለን ወይ?» እያሉ ይጠይቁናል። የአሜሪካው ኦ-1 ከሆነ አይቻልም። አይ-129 የተባለውን ፎርም የሚያስገባው እዚያው አሜሪካ ያለ አሠሪ ወይም ወኪል ነው። እናም «እዚሁ ፎርሙን ሞልተህ በራስህ ስም አስገባልሃለሁ፣ ገንዘብ አምጣ» ለሚል ደላላ ሳንቲም እንዳትሰጡ!

ማስረጃው ሽልማት፣ በጋዜጣ የወጣ ሂስ፣ የሥራ ውል፣ የሙያ ማኅበር ደብዳቤና የመሳሰለው ነው። ድንኳን ውስጥ ለሚሥል ሰው ከባድ ነው፤ አንደብቃችሁም። በአማርኛ የተጻፈ ማስረጃ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ይቀርባል። ሥዕሉ እንኳ አስተርጓሚ አይፈልግም! ማመልከቻው ቢፈቀድም ቪዛውን የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው ኤምባሲው ነው። ፓስፖርት የሌለው ስደተኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣው የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 28 መሠረት፣ ካስጠጋው አገር መንግሥት የጉዞ ሰነድ አስቀድሞ ይጠይቅ።