ዕውቀትና ንግድ በነጋድራስ ገብረ ሕይወት አስተያየት

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በልጅነታቸው ባሕር ተሻግረው በአውሮፓ የተማሩ፣ ኋላም በድሬዳዋ ጉምሩክ ላይ ተሹመው፣ ቡናውና ቆዳው በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወርድ፣ በባዕድ ፋብሪካ የተሸመነው ጨርቅ በአንጻሩ ሲወጣ የተመለከቱ ሊቅ ነበሩ። ከዕረፍታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ ዕውቀት ከበዛለት ጋር ሲገበያይ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ሰዓት ሥራ እንደሚለውጥ፣ ትርፉም ወደ ዐዋቂው እንደሚያደላ አስረድተዋል። ይህ ድንቅ ትንታኔ፣ በእኔ አስተያየት፣ እስከ ዛሬ የሚገባውን ክብር አላገኘም።

ዕውቀት ስንልም ፊደል መቁጠርን ብቻ አይደለም፤ ገቢና ወጪውን በመዝገብ የሚጽፍ ነጋዴ ዋናውን ከትርፉ ለይቶ ያውቃል፣ ባንክም ያንን መዝገብ መርምሮ ብድር ይፈቅድለታል፤ ቡናውን አጥቦ፣ አድርቆና በየደረጃው ለይቶ የሚያቀርብ ገበሬም ከዚያው ማሳ የላቀ ዋጋ ያገኛል። እንግዲህ ልጁን ለንግድ የሚያሰናዳ ወላጅ ሁሉ፣ መነሻ ገንዘብ ከመስጠቱ አስቀድሞ የሒሳብ አያያዝን እንዲያስተምረው አደራ እላለሁ።