ባትሪውን ሌሊት የሚጨርሰው ማን ነው?

ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ በጋላፊና በሚሌ በኩል የሚመጣ ባለተሳቢ መኪና ማታ በደኅና ቆሞ ጧት ሞተሩ አልነሣ ያለ እንደ ሆነ፥ ሾፌሩ አስቀድሞ የሚያማው ባትሪውን ነው። አዲስ ይገዛል፤ ከሳምንት በኋላም ያው ይሆናል። የአፋር ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ማሳጠሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብር ከማውጣት በፊት ተሳቢው ቢመረመር ይሻላል።

የተሳቢው መብራት ኃይሉን የሚያገኘው ከፊተኛው መኪና በተዘረጋ ገመድ ነው። መሰኪያው ውሃና አቧራ ገብቶበት የዛገ እንደ ሆነ ኃይሉ ቀስ እያለ ያመልጣል። በአንዳንድ መኪና ደግሞ የፍሬኑ ማብሪያ ሲጣበቅ፥ ቁልፉ ቢወጣም የፍሬን መብራቶች ሲበሩ ያድራሉ፤ ካቢና ውስጥ ለተኛ ሾፌር የተሳቢው ጭራ ከቶ አይታየውም። ሒሳቡን ተማሪ ሊሠራው ይችላል፤ ባለ 21 ዋት 4 አምፖሎች 84 ዋት ናቸው፤ በ24 ቮልት 3.5 አምፔር ይስባሉ፤ በ12 ሰዓት ሌሊት 42 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። ይህም ከ150 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ከሩብ በላይ ነው፤ ላረጀ ባትሪ ይበቃዋል።

ሁሉን አጥፍቶ፥ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትቶ በመካከል አምፔር መለኪያ ማግባት ነው። የተሳቢው መሰኪያ ሲነቀል ቍጥሩ ከወረደ ሌባው ወደ ኋላ ነው፤ ካልወረደ ግን በፊተኛው መኪና ይፈለግ። በዚህ ጊዜ ሞተሪኖ የሚያስነሣ ሰው መለኪያውን ያቃጥላል። መለኪያ የሌለው ባትሪውን ሞልቶ፥ መሰኪያውን ነቅሎ አንድ ሌሊት ይደር።